«ገና አልተበጠሰም» ላልከኝ ልጅ

ትናንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ ሳለ አንድ ሥራ ጀማሪ መካኒክ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይህ ቺንጋ ገና አልተበጠሰም፤ ባለመኪናውን በከንቱ ለምን ገንዘብ አስወጣዋለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ቺንጋ ማለት ከሞተሩ ጉልበት ተቀብሎ ዲናሞንና የውሃ ፓምፕን የሚያዞር የጎማ ቀበቶ ነው። ጥያቄው ለሰው ገንዘብ ከማዘን የመጣ እንደ ነበር ከፊቱ አይቻለሁ። እኔ ግን መልሱ ቶሎ አልመጣልኝምና «እጽፍልሃለሁ» ብዬው ሄድሁ። ሌሊቱንም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ1978 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሳለሁ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ላንድሮቨራቸውን ይዘው ወደምሠራበት ጋራዥ መጡ። መኪናዋን ዕድሜ ልካቸውን ባጠራቀሙት ገንዘብ የገዟት ሲሆን፣ በገበያ ቀን ከሉማሜና ከደጀን ሰውና እህል እያመላለሱ ይተዳደሩባት ነበር። በማግሥቱ አዲስ አበባ ለመድረስ ቸኩለዋል፤ የፈለጉትም ፍሬኑ እንዲታይላቸው ብቻ ነው። የፍሬን ዘይት ልጨምር ኮፈኑን ስከፍት እጄ የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ነካ። ቱቦው መሐሉ ጠንካራ ቢሆንም ከሞተሩ ጋር በሚያያዝበት በኩል፣ ከማጥበቂያው ቀለበት አጠገብ፣ እንደ ራሰ ቆዳ ልስልስ ብሎ ነበር። ጎማ ከውስጥ ሲበላ ምልክቱ ይኸው መሆኑን ያን ጊዜ አሳምሬ ዐውቃለሁ። ሆኖም ለዚያች መኪና የሚሆን ቱቦ በከተማው አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል፤ አለቃዬም «ያልተጠየቅኸውን ምን አስነካህ?» እንዳይለኝ ፈራሁ። ለመንገዱማ ይበቃል ብዬ በልቤ ፈረድሁና ኮፈኑን ዘጋሁ። መምህሩ ሂሳባቸውን ከፍለው «እጅህ ይባረክ» ብለውኝ ሄዱ።

ቱቦው የፈነዳው የአባይን ድልድይ ተሻግረው ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ ሲወጡ ነው። ያን መንገድ የሚያውቅ ሰው ለምን እዚያ እንደ ሆነ አይጠፋውም። መኪና ከደጀን ከ2,400 ሜትር ከፍታ ተነሥታ 1,000 ሜትር ገደማ ወዳለው በረሃ ስትወርድ ሞተሩ አይጨነቅም፤ ከድልድዩ በኋላ ግን በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሙቀት፣ በቂ ነፋስ ሳያገኝ ያንኑ ያህል ከፍታ መልሶ ይወጣል። ውሃ በእኛ ደጋ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሞተሩ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የታመቀው ግፊት ነው። ቱቦው ሲፈነዳ ግፊቱ በቅጽበት ይጠፋል፤ ያልፈሰሰውም ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ረዳቱ በድንጋጤ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመረበት፤ ሞተሩን ከላይ የሚገጥመው ብረት፣ ቴስታታውም፣ ተሰነጠቀ።

ከሳምንት በኋላ መምህሩ የተቀደደውን ቱቦ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡና ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይህ ከመሄዴ በፊት ይታወቅ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ለማወቅ ብቻ ነበር የጠየቁት። እኔም «አይታወቅም ነበር» አልሁ። አመኑኝ። ላንድሮቨሯን በርካሽ ሸጡ፤ ያም ሆኖ እስኪሞቱ ድረስ «እጁ የታመነ ነው» እያሉ ሰው ይልኩልኝ ነበር። ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ እውነቱን ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ቺንጋ፣ ቴስታታ፣ ኮፈን የሚሉትን ቃላት ከጣሊያን ዘመን መካኒኮች የተቀበሉ ሰው ነበሩ። የወለቀ ደኅና ቺንጋ አይጥሉም፤ ለመንገድ መጠባበቂያ እንዲሆን ከባለመኪናው ወንበር ሥር ያስቀምጡለት ነበር። የዛሬ ወጣቶች አሮጌ ዕቃን መናቅና ሁሉን በአዲስ መተካት ስለሚቀናችሁ ብዙ ጊዜ አዝናለሁ። በቺንጋና በቱቦ ጉዳይ ግን ሳይበጠስ ቀይሩ እላለሁ፤ ከሽማግሌውም ከራሴም ልማድ ጋር መጣላቴን ዐውቃለሁ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨምቁት፤ መሐሉ አያታልላችሁ፣ የሚበሰብሰው ጫፉ ነው። ዘይት የነካው ጎማ ያብጣል፤ ስለዚህ ቱቦውን ከመቀየር በፊት ዘይቱ ከየት እንደሚፈስ ፈልጉ። ቺንጋን በተመለከተ እኛ ስንጥቅ እየቆጠርን ነበር የምንፈርደው፤ አሁን ኢፒዲኤም ከተባለው ጎማ የሚሠሩት ባለብዙ መስመር (ገጻቸው ሸንተረር የበዛበት) ቺንጋዎች ግን ሳይሰነጠቁ መስመራቸው እየተበላ ያልቃሉ። በዓይን ደኅና የሚመስለው ቺንጋ እየተንሸራተተ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ያደክማል። የቫልቮቹን መከፈቻና መዘጊያ ጊዜ ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ታይሚንግ ቺንጋማ ከሽፋኑ ሥር ስለሆነ ጭራሽ አይታይም፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የሚበራ ማስጠንቀቂያ መብራት አለ። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቱን ብቻ አጥፍቶ ባለቤቱን መሸኘት እኔ ለመምህሩ ከሰጠሁት መልስ አይለይም።

አንተ ልጅ፣ ያሳየኸኝ ቺንጋ ጠርዙ ተፈትሏል፤ ሁለት መስመሩም ተበልቶ ጠፍቷል። ባለመኪናው ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ እንደሚወርድ ነግረኸኛል። ገንዘብ የለኝም ቢልህ እንኳ ቺንጋውን አውልቀህ በእጁ አስይዘው፤ ያየኸውንም ሁሉ ንገረው።