መልስ፦ «ማን ይመልሳል?» ስል ክፍሉ ጭጭ ይላል
«ማን ይመልሳል?» ማለቱን ተወው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፍና 2 ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይነጋገሩበት። ከዚያ «አንተስ?» ሳይሆን «ጓደኛህ ምን አለ?» ብለህ ጠይቅ። ቢሳሳት እንኳ ብዙ አያፍርም፤ አፉ ይፈታል።

«የደሴ ተማሪዎቼ ከመድረሳና ከቄስ ትምህርት ቤት ስለመጡ ከመሸምደድ ሌላ አያውቁም» ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። እዚያም ቤት እዚህም ቤት ቀድሞ የገባው ጀማሪውን ያስጠናል። ቅኔ ቤትማ ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ (ራሱ ደርሶ ማለት ነው) ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ታዲያ ይሄ መሸምደድ ነው?

አንድ ነገር ተጠንቀቅ ወንድሜ። ኮምቦልቻ ሳስተምር ትምህርቱን በኅብረት ጮክ ብሎ ማለትን ጭራሽ ከለከልኩ። ክፍሉ ሳምንት ሙሉ ለቅሶ ቤት መሰለ። አሁን መጀመሪያ 5 ደቂቃ አብረው ይሉታል፤ ጥንድ ጥንድ የሚሆኑት ከዚያ በኋላ ነው።