መጀመሪያ ቁጠሩ፦ የፕሮባቢሊቲ ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከፕሮባቢሊቲ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ቀመሩን አሳምረው ያውቁታል፤ ስህተቱ የሚገባው ከቀመሩ በፊት፣ ቆጠራው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «ሁለት ዳይስ ቢጣሉ ድምራቸው 7 የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ መጣ። ድምሩ ከ2 እስከ 12 ስለሚሆን 11 ውጤት አለ ብዬ 1/11 ጻፍኩ። መምህሩ ኤክስ አደረገብኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ድምሮቹ 11 መሆናቸው ልክ ነው፤ ችግሩ እኩል ዕድል የሌላቸው መሆኑ ነው። «የሚፈለገው ብዛት ለጠቅላላው ብዛት ይካፈል» የሚለው ቀመር የሚያገለግለው ታህቱ ላይ የቆጠርካቸው ውጤቶች እኩል ዕድል ሲኖራቸው ብቻ ነው።

አንዱን ዳይስ ቀይ፣ ሌላውን ነጭ አድርገህ አስባቸው። ቀዩ ላይ 1 ቢወጣ ነጩ ላይ 6 ዓይነት ቁጥር ሊወጣ ይችላል፤ ቀዩ ላይ 2 ቢወጣም እንደዚያው። ስለዚህ ጠቅላላው 6 × 6 = 36 ነው። ድምሩ 2 የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ፣ ሁለቱም 1 ሲሆኑ ነው። 7 ግን (1፣6)፣ (2፣5)፣ (3፣4)፣ (4፣3)፣ (5፣2) እና (6፣1) ሲወጡ፣ በ6 መንገድ ይመጣል። መልሱ 6/36፣ ሲቃለል 1/6።

«ዳይሶቹ አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸውስ?» ትል ይሆናል። ያው ነው፤ ዓይንህ ስላልለያቸው ዕድላቸው አይቀየርም። (3፣4) እና (4፣3) ሁለት ውጤት ናቸው። (3፣3) ግን አንድ ብቻ ነው፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሁለቴ ይቆጥርና ለድምር 6 ስድስት መንገድ ያገኛል፤ ትክክለኛው አምስት ነው። ቆጠራህን ለማረጋገጥ ከድምር 2 እስከ 12 ያሉትን መንገዶች ደምራቸው፦ 1+2+3+4+5+6+5+4+3+2+1፣ 36 ካልመጣ የሆነ ቦታ ዘለሃል ወይም ደግመሃል።

በነገራችን ላይ ታላቁ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤርም በ1754 እ.ኤ.አ. የአንተን ዓይነት ስህተት በኢንሳይክሎፔዲያ ላይ አትሟል። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ የተፈለገው ገጽ የመውጣቱን ዕድል 2/3 ነው አለ፤ ትክክሉ 3/4 ነው። እሱም ሦስት ውጤት (መጀመሪያው ላይ ወጣ፣ ሁለተኛው ላይ ወጣ፣ ጭራሽ አልወጣም) ቆጠረና እኩል ናቸው ብሎ ተቀበላቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ቀይና 3 ሰማያዊ ብይ ካለበት ከረጢት ሁለት ብይ ሲወጣ «አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ» የመሆን ዕድሉን 15/56 ይለኛል። መልሱ ላይ ያለው ግን 15/28 ነው። ማን ነው የተሳሳተው? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልጅዎ ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ረስቶታል። የመጀመሪያው ቀይ የመሆን ዕድል 5/8 ነው። ያ ብይ ካልተመለሰ ከረጢቱ ውስጥ 7 ይቀራሉ፣ ከነሱም 3ቱ ሰማያዊ ናቸው፤ 5/8 × 3/7 = 15/56። እስከዚህ ደህና ሠርቷል። ግን ሰማያዊው ቀድሞ ሊወጣም ይችላል፦ 3/8 × 5/7፣ እሱም 15/56። ሁለቱ ሲደመሩ 30/56 ወይም 15/28 ይሆናሉ።

የዛፍ ሥዕል ያሠሩት፤ አራት ቅርንጫፍ ይወጣል። ቀይ-ቀይ 20/56፣ ቀይ-ሰማያዊ 15/56፣ ሰማያዊ-ቀይ 15/56፣ ሰማያዊ-ሰማያዊ 6/56። ድምራቸው 56/56 መሆን አለበት። ታህቱን ሳያቃልል ቢያቆየው ይህን ማመሳከሪያ በአንድ እይታ ያገኘዋል፤ ቶሎ ማቃለል እዚህ ላይ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ጥያቄው «ከተመለሰ በኋላ» ካለ ግን ሁለተኛውም ታህት 8 እንደሆነ ይቀራል። «በአንድ ጊዜ ሁለት ቢወጡ» ማለት ደግሞ ሳይመለስ እንደማውጣት ነው።

ጥያቄ፦ ሳንቲም አምስት ጊዜ ወርውሬ አምስቱንም ጎፈር ወጣ። ስድስተኛው ዘውድ የመሆን ዕድሉ አይጨምርም? (የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አይጨምርም፣ 1/2 ነው፤ ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም። ስድስቱም ጎፈር የመሆን ዕድል 1/64 ነው፤ አንቺ ግን አምስቱን አልፈሻቸዋል፤ የቀረሽ አንድ ውርወራ ብቻ ነው። «ቢያንስ አንዴ ዘውድ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒውን ሠርተሽ ከ1 ቀንሺ። ለሦስት ውርወራ 1 − 1/8 = 7/8።

ጥያቄ፦ ለ12 ዕቁብ እንጥላለን። 12 ወረቀት ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ምልክት ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ በየተራ እናነሳለን። ቀድሞ ማንሳት ይሻላል ወይስ መጨረሻ? (ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልዩነት የለውም፣ ሁላችሁም 1/12 አላችሁ። ሁለተኛው ሰው እንዲደርሰው መጀመሪያ የፊተኛው ባዶ ማንሳት አለበት፦ 11/12 × 1/11 = 1/12። ሦስተኛው፦ 11/12 × 10/11 × 1/10፤ ላይና ታቹ ይጣፋና ያው 1/12 ይቀራል። «ቀድመው ይወስዱብኛል» የሚል ሰው ቀድመው ባዶ ሊያነሱም እንደሚችሉ ይረሳል።

የፊተኛው ወረቀቱን ገልጦ ባዶ መሆኑን ካሳየ ግን የእርስዎ ዕድል ወደ 1/11 ያድጋል፤ ተራዎ ስላመጣልዎ ሳይሆን አዲስ ነገር ስላወቁ ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስተው በየዙሩ ያለው ነው። የደረሰው ሰው ከዕጣ ስለሚወጣ ሁለተኛው ዙር በ11፣ ሦስተኛው በ10 ሰው ይወጣል። «በሦስት ዙር ውስጥ የሚደርሰኝ 1/12 + 1/11 + 1/10 ነው» የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። 1/11 የሚሠራው በመጀመሪያው ዙር ካልደረስዎ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በ11/12 መባዛት አለበት፤ 1/10ም እንዲሁ በ11/12 × 10/11። ሲባዛ እያንዳንዱ ዙር 1/12 ሆኖ ይመጣል፣ የሦስቱ ድምር 3/12 ወይም 1/4።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ወረቀቶቹ በመጠንም በአስተጣጠፍም አንድ ሲሆኑ ነው። አንዷ ወፈር ብላ ከታጠፈች እጅ ቶሎ ያገኛታል፤ ያኔ 1/12 የሚባል ነገር የለም።