ጀርባው ሲነካ ቆዳው የሚርገበገበው ውሻ፤ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ ቁንጫው ይፈላል፤ ስለ ውሻ የሚላክልኝ ጥያቄም አብሮ ይበዛል። የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቆዳ ናቸው። አሳጥሬ፣ ፍሬ ነገሩን ብቻ ይዤ እመልሳለሁ። የላኪዎቹን ስም አላወጣሁም።

ከፍኖተ ሰላም

ጠያቂዋ 4 ዓመት የሞላው ግቢ ጠባቂ ውሻ አላቸው። ልጃቸው ጀርባውን ሲዳብሰው ቆዳው ከወገቡ እስከ ትከሻው ይርገበገባል። አንዳንዴ ድንገት ዞሮ ጅራቱ ሥር ይነክሳል። ጎረቤት «ነርቩ ተነክቷል» ብሏቸው ተጨንቀዋል።

እህቴ፣ መርገብገቡ ብቻውን በሽታ አይደለም። ከውሻ ቆዳ ሥር ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ስስ ጡንቻ አለ። ቆዳውን አንድ ነገር ሲነካው ስሜቱ በነርቭ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይገባል። ከዚያ ወደ ፊት ይሄድና አንገትና ደረት የሚገናኙበት አካባቢ ሲደርስ ትእዛዝ ሆኖ ወደ ጡንቻው ይመለሳል። ጡንቻው ይኮማተራል፣ ቆዳው ይርገበገባል። ውሻው አስቦበት የሚያደርገው አይደለም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው፣ ተራ የሚጠብቅ ፈረስ ዝንብ ሲያርፍበት እግሩን ሳያነሳ ቆዳውን ብቻ ሲያርገበግብ አይቷል። ያው ጡንቻ ነው፤ በሬም አለው። ዝንብ ስታርፍበት ወይም ጣት ድንገት ሲያርፍበት ርግብ ብሎ የሚተወው ውሻ ጤነኛ ነው።

የእርስዎ ውሻ ግን በተዳበሰ ቁጥር ይርገበገባል፤ ይባስ ብሎም ራሱን ይነክሳል። ይህ ቆዳውን የሚያስቸግረው ነገር እንዳለ ያሳያል። ነርቭ ከማለታችን በፊት ቁንጫ እንፈልግ።

ውሻውን ፀሐይ ላይ ያቁሙት። ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥበው ከሥሩ ያንጥፉ። ጅራቱ ከወገቡ የሚገናኝበትን ቦታ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ያበጥሩት። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ብናኝ ከወረደ ትንሽ ይጠብቁ። አፈር ከሆነ እንደ ጠቆረ ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን እርጥቡ ላይ ቀስ እያለ ወደ ቀይ ቡናማ ይሟሟል፤ ቁንጫዋ መጥጣ ያወጣችው ደም ነውና። ቁንጫዋን ራሷን ባያገኟት እንኳ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። አንዳንድ ውሻ ደግሞ የቁንጫ ምራቅ አይስማማውም። እንዲህ ያለውን ውሻ ጥቂት ንክሻ ብቻ ለቀናት ያሳክከዋል፤ ወገቡና ጅራቱ ሥር ያለው ፀጉር እየሳሳ ይሄዳል።

ቁንጫ ከተገኘ ውሻውን ብቻ አያክሙ። ውሻው ላይ የሚዘለው ያደገው ቁንጫ ነው። እንቁላሉና እጩ ያለው የሚተኛበት ገለባ፣ ጆንያና አፈር ውስጥ ነው። ገለባውን ያቃጥሉ፣ ጆንያውን በፈላ ውሃ ይዘፍዝፉ፣ መሬቱን ይጥረጉ። ይህ ካልተደረገ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ዞሮ እዚያው ነው።

ቁንጫ ከሌለስ? ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል መዥገር ይፈልጉ። የጆሮው ጠርዝና ክርኑ ከተላጠ፣ ቅርፊት ከያዘ፣ የቤት ሰውም ማከክ ከጀመረ እከክ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ውሻው ሲነካ የሚደነግጥ ከሆነ ደግሞ ሕመም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ራሱ ውሻው ያሳይዎታል። የሚያሳክከው ውሻ ሲያኩለት ወደ እጅዎ ይጠጋል። የሚያመው ግን ይሸሻል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ያጉረመርማል፣ ደረጃ መውጣት ይጠላል። ግቢ ጠባቂ ውሻ ዱላና ድንጋይ አያጣም፤ ባጃጅም ይገጨዋል። ሕመም ከመሰለዎት ቦታውን እየተጫኑ አይፈትኑት፤ ለሐኪም ያሳዩት። የኋላ እግሩን መጎተት ከጀመረ ነገ አይበሉ። በሰፊ ጣውላ ላይ አስተኝተው በዚያው ቀን ይውሰዱት።

ሐኪሙ ይህንኑ መርገብገብ መመርመሪያ ያደርገዋል። በመቆንጠጫ ከወገቡ ጀምሮ ወደ ፊት፣ አከርካሪውን ተከትሎ ግራና ቀኙን ቆንጠጥ እያደረገ ይሄዳል። ከወገቡ በኩል ምንም ሳይል ቆይቶ ከአንድ ቦታ ጀምሮ መርገብገብ ከጀመረ፣ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳው ከዚያ ትንሽ ወደ ፊት እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ ጎረቤትዎ የፈሩት ጉዳት ቢኖር ኖሮ የውሻዎ ቆዳ ወገቡ አካባቢ ጭራሽ ላይንቀሳቀስ ይችል ነበር።

ይህን ያህል ያረዘምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር ውሻ ይታሰራል፣ ፍርፋሪ ይጣልለታል፣ የሚነካው ግን የለም። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ልብሱን ውሻ እንዳይነካበት ይጠነቀቃል፤ ይህን አከብራለሁ። ነገር ግን ያልተነካ ውሻ ሕመሙ የሚታወቀው ፀጉሩ ረግፎ፣ ጆሮው በመዥገር ተሞልቶ፣ ከሩቅ መሽተት ሲጀምር ነው። የእርስዎም ውሻ ሕመም የታወቀው ልጅዎ ስለዳበሰው ነው። ልጁን አይከልክሉት። በሳምንት አንድ ቀን የሥራ ልብስ ለብሳችሁ ውሻውን ከራሱ እስከ ጅራቱ በእጅ ፈትሹት፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እዚህ ክሊኒክ ከሚመጡልኝ ውሾች ስንቱ በዚህ ብቻ በጊዜ በተረፈ!

ከዳንግላ

ቡችላው ሆዱን ሲያኩለት የኋላ እግሩ በራሱ አየር ላይ ያካል። የሚጥል በሽታ ይሆን?

አይደለም። የማከክ ምላሽ ነው፤ እግሩ የሚንቀሳቀሰው ከሕብለ ሰረሰር በሚመጣ ትእዛዝ ነው፣ እጅህን ስታነሳ ያቆማል።

ከቡሬ

ወጣቱ ጠያቂ ውሻው ቁንጫ እንደወረሰውና ቆዳው እንደሚርገበገብ ጽፏል። ጓደኛው ለእህል ነቀዝ የሚጠቀሙበትን ማላታይን በውሃ በጥብጦ እንዲያጥበው መክሮታል። ካልሆነም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል ብሎታል።

ወንድሜ፣ እባክህ ሁለቱንም አታድርግ። ይህን ምክር ስሰማ እበሳጫለሁ፤ በየዓመቱ ውሻ ይገድላልና።

ማላታይንና ዲያዚኖን ነፍሳትን የሚገድሉት ነርቭን በማወክ ነው። ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን መልእክት የሚያጠፋውን ኢንዛይም ይይዙታል። መልእክቱ ሳይጠፋ ሲቀር ጡንቻው ያለ እረፍት ይንቀጠቀጣል። ውሻውም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በቆዳው ይገባል፣ ሲልሰውም በአፉ ይገባል። ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፣ መጨረሻ ላይ መተንፈስ ያቅተዋል። ቆዳው ተርገበገበ ተብሎ የታጠበው ውሻ ሁለመናው እየተንቀጠቀጠ ይሞታል። የተቃጠለ ዘይትም ቢሆን ሲልሰው ሆድ ዕቃውን ይጎዳዋል፤ እከኩንም አያድነውም።

ቀድሞ የተቀባ ውሻ ካለህ ጓንት ወይም ፌስታል እጅህ ላይ አድርገህ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠበው። ምልክቱ ከጀመረው በፍጥነት ወደ ክሊኒክ ውሰደው፤ ዕቃውንም ይዘህ ሂድ። አትሮፒን የሚባል መርፌ አለ፣ በጊዜ ከተወጋ ያተርፋል።

ለጥገኛ ተባይ የሚወጋው አይቨርሜክቲንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የከብቱ መርፌ መጠኑ የተሰላው 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ነው። ለ10 ኪሎ ውሻ በግምት የሚስብ ሰው ብዙ እጥፍ ሊሰጠው ይችላል። አንዳንድ የውጭ ዝርያ ውሾች፣ በተለይ የኮሊ ዘሮች፣ ትንሹም ይጎዳቸዋል። ስለዚህ ራስህ አትውጋ።

የሚሻለው ይህ ነው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠበው፤ ብዙ ቁንጫ ይወርዳል። ቀጥሎ ኪሎውን እወቅ። ሰፈርህ ያለው ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ውሻውን ታቅፈህ ተመዘን፣ ከዚያ ብቻህን ተመዘንና ቀንስ። ኪሎውን ይዘህ ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት ሂድ፤ ለውሻ የተዘጋጀ መሆኑን አረጋግጠህ ግዛ። ቤት ውስጥ ድመት ካለች ሳትነግራቸው እንዳትወጣ። በአንዳንድ የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል።

ከመርዓዊ

ውሻቸው ሲዳበስ ጀርባው አንዴ ርግብ ይላል፤ ግን ጅራቱን እየቆላ ይጠጋቸዋል።

ደስ ብሎታል። ይቀጥሉ።

ከደብረ ማርቆስ

የ7 ወር ቡችላ ነች። ከአንድ ወር በፊት ዓይኗና አፍንጫዋ ይፈስ ነበር፣ አስሏትም ነበር። ዳነች ብለው ነበር። አሁን ግን አንድ እግሯና መንጋጋዋ በየጊዜው ንቅንቅ፣ ንቅንቅ ይላል። ተኝታም አይተዋትም። እያለመች ይሆን ይላሉ።

ውሻ ሲያልም እግሩ ይወራጫል፣ ያጉረመርማል፣ ሲነቃ ግን ይቆማል። የእርስዎ ቡችላ ነቅታም ተኝታም፣ ያው ቦታ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ምት ነው የምትንቀጠቀጠው። ከዚያ በፊት የነበረው የዓይን ፈሳሽና ሳል ሲጨመርበት ዲስቴምፐር የሚባለውን የውሾች ቫይረስ እጠረጥራለሁ። ይህ ቫይረስ መጀመሪያ ሳንባንና ሆድን ይይዛል፤ ከሳምንታት በኋላ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። እንክብካቤና የሚጥላት ከሆነ ያንን የሚያስታግስ መድኃኒት ግን አለ። መንቀጥቀጡ ሳይለቃቸው ለዓመታት የሚኖሩም አሉ። ሐኪም ያያት ዘንድ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ በደብዳቤ የሚወሰን ነገር አይደለም። እስከዚያው ካልተከተቡ ቡችሎች ያርቋት።

ከሞጣ

አባት ናቸው የጻፉልኝ። ውሻቸው ሁለት ቀን ምግብ እምቢ ብሎ ጥግ ይዞ ነበር። ሲነኩት ይደነግጣል። ለሃጩ ይወርዳል፣ ድምፁ ተለውጧል። ትናንት የ6 ዓመት ልጃቸውን እጅ ቧጠጠው፣ ትንሽም ነክሶታል። «ትንሽ ነው፣ ደም እንኳ ብዙ አልወጣም፤ የአገር መድኃኒት አዋቂ ጋ ልወስደው ነው» ይላሉ።

ጋሼ፣ ለእርስዎ ወዲያውኑ በስልክ ደውያለሁ። እዚህ የምጽፈው ለሌላው አባት ነው።

የንክሻው ትንሽነት አያታልላችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በለሃጭ ውስጥ ነው ያለው፤ ለመግባት ጭረት ይበቃዋል። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም። ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። በመካከሉ ያሉት ቀናት የልጁ ሕይወት ናቸው።

ቁስሉን አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት ያዙ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ይረዝማል። አልኮል ወይም አዮዲን ካለ አድርጉበት። ቅጠል፣ ቅቤ፣ በርበሬ አትጨምሩበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባቱ እዚያ ከሌለ ወደሚገኝበት ሆስፒታል እንዲጽፉላችሁ አድርጉ፤ «ነገ ና» ቢሏችሁ አትመለሱ። ጠበል መውሰድ የሚፈልግ ይውሰድ፤ ከክትባቱ ጋር ይውሰድ። ክትባቱን ጀምሮ መሐል ላይ ማቋረጥም አይሆንም።

ውሻውን በእጃችሁ አትንኩት። ሳትጠጉ መዝጋት ከቻላችሁ ዝጉበትና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ሆኖ 10 ቀን ከቆየ ሲነክስ ለሃጩ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ልጁ ግን ያንን 10 ቀን ሳይከተብ አይጠብቅ። ውሻው ከሞተ ወይም ከተገደለ አትቅበሩት፤ ጭንቅላቱ ለምርመራ ሊፈለግ ይችላል።

ከባሕር ዳር

ለሚያነክስ ውሻ ቤት ያለውን ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መስጠት ይቻላል?

አይቻልም። ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል።

ከቢቸና

ቡችላ ስንት ወር ሲሞላው ነው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚወስደው?

3 ወር ሲሞላው። ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ዘመቻ እስኪመጣ አትጠብቁ። ወደ ወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ወይም ቅርብ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኬላ ሂዱና ክትባቱ የሚገባበትን ቀን ጠይቁ። የተከተበበትን ወረቀት ቀኑ ተጽፎበት ተቀበሉና አስቀምጡት፤ ውሻው ሰው የነከሰ ቀን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።