የዱሮው ድራማ ወይስ የአሁኑ? ተመልካቾች ይጠይቃሉ

ስለ ቴሌቪዥን ድራማ የሚጽፉልኝ አንባቢዎች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ተቆጥተው ነው። ቁጣቸውን እወደዋለሁ፤ ለወራት አብረውት የኖሩት ታሪክ ሲበላሽባቸው ዝም የማይሉ ተመልካቾች ናቸውና። ከሰሞኑ ጥያቄዎች ጥቂቱን አሳጥሬ ከነመልሳቸው አቅርቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከእህቴ ጋር የማይቋጭ ክርክር አለን። እኔ የዱሮ ድራማ ይበልጣል እላለሁ፤ እርሷ ደግሞ «የምትወደው ልጅነትህን እንጂ ድራማውን አይደለም» ትለኛለች። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ የእህትዎ ነገር እውነትነት አለው። የዱሮው ድራማ በጊዜ ተበጥሮ ፍሬው የቀረ ነው፤ የአሁኑን ግን የምናየው ከነገለባው ነው። ከ30 ዓመት በፊት በየሳምንቱ ይታዩ ከነበሩት መካከል አሰልቺዎቹን ማን ያስታውሳቸዋል? የዚያን ዘመን ምርጥ ሥራ አምጥቶ ትናንት ማታ ከታየ ተራ ድራማ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ደግሞም የዱሮው ሁሉ አልተረፈልንም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበር። ስለዚህ ጣቢያዎች አንድ ጊዜ የተላለፈን ድራማ እያጠፉ በዚያው ቴፕ ላይ ሌላ ይቀዱበት ነበር። ቢቢሲ በዚህ መንገድ ያጣው ሥራ ብዙ ነው፤ «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ ብቻ በ1960ዎቹ ከተሠሩት ክፍሎች ውስጥ ከ90 በላይ የሚሆኑት ምስላቸው ጠፍቷል። በ2013 ጠፍተው ከነበሩት ዘጠኝ ክፍሎች ናይጄሪያ ውስጥ፣ በጆስ ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ መገኘታቸው ተነገረ፤ ለውጭ አገር ጣቢያዎች የተላኩ የፊልም ቅጂዎች ነበሩ። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የድምፁ ነገር ነው። የጠፉት ክፍሎች ድምፃቸው አንድም ሳይቀር አለ። ያተረፉት ድራማው በሚተላለፍበት ሰዓት የድምፅ መቅጃ ይዘው ቴሌቪዥናቸው ፊት የተቀመጡ ተራ ተመልካቾች ናቸው። ከዚህ የበለጠ የድራማ ፍቅር አላውቅም።

ወደ ክርክራችሁ ልመለስ። እርስዎም ትክክል የሆኑበት ነገር አለ። በዚያ ዘመን ድራማ በአብዛኛው የሚቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ፣ በጥቂት ካሜራ ነበር። ትዕይንቱ የሚቆመው በተዋናዩ ፊትና በቃለ ተውኔቱ ላይ ነው። ደካማ ንግግርን ከሰማይ በተነሣ ውብ ምስል መሸፈን አይቻልም ነበር። ዛሬ ይቻላል፤ በየሳምንቱም ይደረጋል።

የአሁኑ የሚበልጥበትም አለ። ቀድሞ በአሜሪካ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚተላለፉ ድራማዎች አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክ ነበር። በዚህ ሳምንት የተጎዳው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይመጣል። በ1981 የጀመረው የፖሊሶች ድራማ «ሂል ስትሪት ብሉስ» ታሪክን ከሳምንት ሳምንት እያሻገረ ይህንን ልማድ ከሰበሩት አንዱ ሆነ። ከ2002 እስከ 2008 በ60 ክፍሎች የቀረበው «ዘ ዋየር» ደግሞ አንድን ከተማ፣ ባልቲሞርን፣ በየምዕራፉ በሌላ ተቋም በኩል እያሳየ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ የተፈጸመ ስሕተት ከዓመታት በኋላ ሰው ሲያስከፍል አሳይቶናል። ለእኔ ጥሩ ድራማ ማለት ይህ ነው፦ ሰዎቹ ያደረጉት ነገር ተከትሏቸው የሚመጣበት። ዘመኑ የትኛውም ይሁን።

ከእህትዎ ጋር እንዲህ ያድርጉ። እርስዎ የሚያወድሱትን አንድ የዱሮ ድራማ፣ እርሳቸው የሚወዱትን አንድ አዲስ ድራማ ይምረጡና ከሁለቱም ሁለት ሁለት ክፍል አብራችሁ እዩ። ከዚያ ስለ ዘመን መከራከር ትታችሁ ስለ ትዕይንት ተከራከሩ።

ጥያቄ፦ አንድ ምስጢር ሊወጣ ነው ከተባለ በኋላ ስድስት ክፍል አለፈ። ሙዚቃው ይንቆረቆራል፣ ካሜራው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ይዞራል፣ ማንም አይናገርም። ለምን ያንዛዙታል?

መልስ፦ የሰዓቱ ርዝመት የሚወሰነው በታሪኩ ፍላጎት ስላልሆነ ነው። የቱርክ ድራማዎችን ይውሰዱ። በአገራቸው በሳምንት አንድ ጊዜ ሲተላለፉ አንዱ ክፍል ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ በመካከል ማስታወቂያ ይገባል። ለውጭ ገበያ ሲሸጡ ያው አንድ ክፍል ለሁለትና ለሦስት ይቆረጣል። በየሳምንቱ የአንድ ሙሉ ፊልም ያህል የሚጽፍ ደራሲ ሁሉንም ደቂቃ በድርጊት ሊሞላው አይችልም፤ እርስዎ ያዩት ካሜራው ከፊት ወደ ፊት መዞሩ መሙያው ነው። የኮሪያ ድራማ ግን በአብዛኛው በ16 ክፍል አካባቢ ስለሚያልቅ ነገሩ ጠበቅ ይላል። የላቲን አሜሪካው ቴሌኖቬላ በሳምንት ብዙ ቀን እየታየ ለወራት ይዘልቃል፤ ነገር ግን እንደሚያልቅ ታውቆ ነው የሚጀመረው። በብራዚል ደራሲው የሚጽፈው ድራማው እየተላለፈ ስለሆነ፣ ተመልካች የወደደው ገጸ ባሕርይ ቦታው ይሰፋለታል፣ ያልተወደደው ቀስ ብሎ ይወጣል።

ግን ርዝመትን ብቻውን አትኰንኑት። የጃፓኑ «ኦሺን» ከ1983 እስከ 1984 በ297 ክፍሎች ቀርቧል፤ እያንዳንዱ ክፍል 15 ደቂቃ ነበር። የአንዲትን ሴት ሕይወት ከልጅነት እስከ እርጅና ለመናገር ያን ያህል ያስፈልገው ነበር። ዝግታና ማንዛዛት ይለያያሉ። መለያውም ቀላል ነው፦ ትዕይንቱ ሲያበቃ ከሰዎቹ አንዱ ቀድሞ የማያውቀውን አውቋል ወይ? ያልነበረው ነገር በእጁ ገብቷል ወይ? የነበረውን አጥቷል ወይ? በሦስት ተከታታይ ክፍሎች መልሱ «የለም» ከሆነ ድራማውን ይተዉት። የጀመሩትን ሁሉ የመጨረስ ግዴታ የለብዎትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቀድሞኝ ያየውን ድራማ እያየሁ ሳለ «ቆይ፣ አሁን ነው የሚሞተው» ይለኛል። ለመንኩት፣ አልተወም።

መልስ፦ በደል ነው። ድራማ ማለት ማን እንደሚሞት ብቻ ሳይሆን እስኪሞት ድረስ የሚኖረው ሥጋትም ነው፤ ባለቤትዎ የሚወስዱብዎት ያንን ነው። ወይ አብረው በእኩል ይዩት፣ ወይም እርስዎ በሚያዩበት ሰዓት እርሳቸው ከቤቱ ሌላ ክፍል ይቀመጡ። ይህንን በግልጽ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ለዓመታት የተከታተልኩት ድራማ መጨረሻው ተበላሸ። ያ ሁሉ ጊዜዬ በከንቱ ሄደ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ግን የመጨረሻ ብልሽት ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ልለያየው።

የመጀመሪያው መቸኮል ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከ2011 እስከ 2019 በ73 ክፍሎች ታይቶ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ስድስት ክፍል ብቻ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ምዕራፉ እንደገና ይሠራ ብለው ፈርመዋል። ሰዎቹ የተቆጡት ያልጠበቁት ነገር በመሆኑ ብቻ አይመስለኝም። ቀደም ሲል አንድ ሰው ከአንድ ቦታ ሌላ ቦታ ለመድረስ ምዕራፍ ሙሉ ይፈጅበት ነበር፤ በመንገዱም ላይ ይለወጣል። በመጨረሻ ግን መንገዱ ተዘለለና ለውጡ ብቻ ቀረበ። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው፤ የቀደሙትን ምዕራፎች ግን አይሰርዝም። እነዚያን ሲያዩ የተሰማዎት ሁሉ የእርስዎ ነው።

ሁለተኛው ክፍት አድርጎ መተው ነው። በ2007 «ዘ ሶፕራኖስ» ሲያልቅ ስክሪኑ በድንገት ጠቆረ፤ ብዙ ተመልካቾች መሣሪያቸው የተበላሸ መስሏቸው ነበር። ብዙ ሰው ተናደደ። እኔ ግን ከደራሲው ጋር ነኝ። የድራማው ዋና ሰው፣ የወንበዴዎች አለቃው፣ እስከዚያ ቅጽበት ድረስ ያደረገው ሁሉ አብሮት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ምንም አልተሰረዘም።

ሦስተኛውን ግን ይቅር ማለት ይከብደኛል። «ዳላስ» በተባለው የአሜሪካ ድራማ ላይ በ1985 አንድ ዋና ገጸ ባሕርይ ሞተ። ቤተሰቡ አዘነ፣ ተመልካቹም አብሮ አዘነ። ከዓመት በኋላ ተዋናዩ ሲመለስ ሞቱም ሆነ ከዚያ በኋላ ያለፈው ምዕራፍ በሙሉ የቀድሞ ሚስቱ ሕልም ነበር ተባለ። መጥፎ መጨረሻ ታሪኩን ያጎድላል፤ ይህ ግን ያለቀስነውን ልቅሶ ራሱን ውሸት አደረገው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ቢሞት ማን ያዝናል?

ጥያቄ፦ የምወዳት ገጸ ባሕርይ በሌላ ተዋናይት ተተካች። አዲሷን መቀበል አቃተኝ።

መልስ፦ ሦስት አራት ክፍል ይታገሡ። ፊቱን ይርሱትና ገጸ ባሕርይዋ አሁንም ያንኑ ትፈራለች ወይ፣ ያንኑ ትፈልጋለች ወይ ብለው ይዩ። ስለ ብሪታንያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ የሚተርከው «ዘ ክራውን» ይህንን ሆን ብሎ አድርጎታል፤ በየሁለት ምዕራፉ ተዋናዮቹን ቀይሮ ንግሥቲቱን ክሌር ፎይ፣ ኦሊቪያ ኮልማንና ኢሜልዳ ስታንተን በተራ ተጫውተዋታል። የተሳካለት ተመልካቹ አስቀድሞ ስለተነገረውና ሴትየዋም በእርግጥ ስላረጀች ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ሲሆን ግን ቅሬታዎ ተገቢ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ተዋናዩ ዊልያም ሮች አለ፤ በታኅሣሥ 1960 በተጀመረው የብሪታንያ ድራማ «ኮሮኔሽን ስትሪት» ላይ ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቶ ያንኑ ሰው ከ60 ዓመት በላይ ተጫውቶታል።

ጥያቄ፦ እናቴ ክፉዋን አማት የምትጫወተውን ተዋናይት በሌላ ፕሮግራም ላይ ስታያት እንኳን ቻናል ትቀይራለች። «ትወና ነው» ብላት አትሰማኝም። ምን ልበላት?

መልስ፦ ምንም አይበሏቸው። እናትዎ ትወና መሆኑን ያውቃሉ፤ ያቺ ተዋናይት ሥራዋን አሳምራ ስለሠራችው ነው ፊቷን ማየት ያቃታቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ተዋናዮችን በተጫወቱት ሰው ምክንያት በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን የሚሰድቡ፣ መንገድ ላይ የሚያስቆሙ፣ እስከ ቤተሰባቸው ድረስ የሚደርሱ ተመልካቾች አሉ። ይህ ድራማን ከመውደድ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ክፉ ገጸ ባሕርይ ከሌለ ድራማ የለም፤ ያንን ሸክም የሚሸከመው ተዋናይ ከደጉ ይልቅ ክብር ይገባዋል። ገጸ ባሕርይውን የፈለጉትን ያህል ይጥሉት፣ ሰውየውን ግን ይተዉት።

ጥያቄ፦ አዲስ ቴሌቪዥን ገዛን። ድራማው ሁሉ ርካሽ የቤት ቪዲዮ መሰለ፤ ንግግሩም አይሰማም፣ ሙዚቃው ግን ይጮኻል።

መልስ፦ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ይስተካከላሉ። ድራማ በአብዛኛው የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ወይም 25 ምስል ነው። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በምስሎቹ መካከል ራሳቸው የፈጠሩትን ምስል እየጨመሩ እንቅስቃሴውን ያለሰልሱታል፤ ለእግር ኳስ ይጠቅማል፣ ድራማን ግን ያበላሻል። በምስል ማስተካከያው ውስጥ የእንቅስቃሴ ማለስለሻውን ፈልገው ያጥፉት። «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል ምርጫ ካለ እርሱን ይጫኑ። ድምፁን በተመለከተ፣ የቀጭን ቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያዎች ትናንሽና ብዙ ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው፤ ድራማው ደግሞ ለብዙ ድምፅ ማጉያ ተቀናብሮ ሊሆን ይችላል። ንግግርን የሚያጎላ የድምፅ ምርጫ ካለው ይሞክሩት። ካልሆነ የግርጌ ጽሑፍ ያብሩ።

ጥያቄ፦ ሙሉ ምዕራፍ በአንድ ቅዳሜ እጨርሳለሁ። ጓደኛዬ በሳምንት አንድ ክፍል ነው የሚያየው፤ ድራማ እንዲያ ነው የሚታየው ይለኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ድራማው እንዴት እንደተሠራ ይወስነዋል። ኔትፍሊክስ በየካቲት 2013 የ«ሀውስ ኦፍ ካርድስ»ን 13 ክፍሎች በአንድ ቀን ከለቀቀ ወዲህ እንደ አንድ ረጅም ፊልም የሚጻፉ ብዙ ድራማዎች አሉ፤ እነርሱን በሳምንት አንድ አንድ ቢያዩ ክሩ ይጠፋብዎታል። በየሳምንቱ እንዲታይ የተጻፈ ግን ክፍሎቹ መካከል ያለው ጊዜም የሥራው አካል ነው። በመጋቢት 1980 «ዳላስ» ዋናው ሰው በማን እንደተተኮሰበት ሳይነግር ምዕራፉን ዘጋ። በተዋናዮች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ምላሹ እስከ ኅዳር ዘገየ፤ በመጨረሻ በአሜሪካ ብቻ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። በእነዚያ ወራት ሰው በሥራ ቦታም በቤትም ይገምት፣ ይወራረድ፣ የተዋናዮቹን ፊት መልሶ ያስብ ነበር። ይህንን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማግኘት አይቻልም።

የእኔ ምርጫ የጓደኛዎ ነው፤ ሆኖም ሳምንት መጠበቅ ካቃተዎት በቀን ከሁለት ክፍል አይለፉ፤ ቅዳሜ የጀመሩትን እስኪጨርሱም ስለ ሁለቱ ክፍሎች ለጓደኛዎ ይደውሉለት፤ እርሱ ያላያቸው ከሆኑ ግን ማን እንደሚሞት አይንገሩት።