ከደሴ እስከ ታጁራ ከነውሾቹ፦ ደም ብዛት ያለበት ሰው ይችለዋል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ? የምንኖረው ደሴ ነው። የባለቤቴ ወንድም ከውጭ ሲመለስ አንድ ሚኒባስ ገዝቶ ውስጡን አልጋና ምድጃ አስገጥሞበታል። ካራቫን ነው የሚለው። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርገን ጅቡቲ ልንገባ፣ ከዚያም በባሕሩ ዳር እያደርን እስከ ታጁራ ልንሄድ አስበናል። ሁለት ውሾች አሉን። አንዱ 4 ዓመቱ ነው፤ ሌላዋ ገና የ2 ወር ቡችላ ናት። የ7 ዓመቱ ልጄ «ያለ እነሱ አልሄድም» ብሎ አስቸግሮናል። ባለቤቴ 58 ዓመቱ ነው። ለደም ብዛት ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳል። ከውሾች ጋር አንድ መኪና ውስጥ ማደሩ በሽታ አያመጣብንም? ባለቤቴስ ይችለዋል?

መልስ፦ አብሽሩ፣ ጉዞው ይቻላል። ሐምሌ ላይ ግን አይሁን። ከጥምቀት በኋላ ባለችው የትምህርት ዕረፍት ያድርጉት። ይህን የምለው ለባለቤትዎም፣ ለልጁም፣ ለውሾቹም ብዬ ነው።

እርስዎ የፈሩት ውሾቹን ነው። እኔ ከውሾቹ ይልቅ ቁልቁለቱን እፈራለሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ 1,850 ሜትር አካባቢ ይሆናሉ። ከባቲ በኋላ መንገዱ ዝቅ እያለ ሄዶ ሚሌ ላይ ወደ 500 ሜትር ይጠጋል። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ለምሳ ሚሌ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የጦሳ ተራራን ብርድ የለመደ ሰውነት ሙቀትን በአንድ ቀን አይለምድም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እስኪለምድ ድረስ ላቡ ዘግይቶ ይወጣል፣ ከላቡ ጋር ብዙ ጨው ይወጣል፣ ልብም ከወትሮው በላይ ትለፋለች። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለእኛ ዝናብና ጭቃ ይሁኑ እንጂ ለጅቡቲ የዓመቱ ክፉ ወራት ናቸው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከበረሃ የሚነሳው ትኩስ ንፋስም አለ። በጥር ግን ከ25 እስከ 29 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልጅዎን ለማባበል አንድ ነገር ልጨምርልዎ፦ በዚያ ወቅት ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ሰው አይነካም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውሃና ጨው በሽንት እንዲወጣ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ደሴ ላይ ሥራው ይኸው ነው፤ ይጠቅማል። አፋር በረሃ ላይ ግን ላቡም ያንኑ ውሃና ጨው ያወጣል። በሁለት በኩል ሲወጣበት ግፊቱ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ከመኪናው ሲወርድ ዓይኑ ከጨለመበት፣ ከተንገዳገደ፣ ምልክቱ ያ ነው። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብሎ የሚከታተለውን ሐኪም ያግኝ፤ መጠኑ ይቀነስ ወይም ይቀየር የሚለውን እሱ ይወስናል። የግፊት መለኪያ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠዋትና ማታ ይለካ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው ግን የሐኪሙን ስልክ ያኔ ነው መደወል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ረጅም መንገድ የነዳ ሰው ወገቡን ያመዋል። ፋርማሲ ጎራ ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መግዛት ደግሞ የሁላችን ልማድ ነው። ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው፣ ያውም ውሃ የጠማው፣ በዚያ ላይ ዲክሎፌናክ ሲጨምርበት ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃዋል።

ውሃን በጥማት አይለኩ፤ ጥማት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሽንትን ይመልከቱ። ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ጠላ ከጠቆረ ውሃው አንሷል። የፋርማሲውን ኦአርኤስ፣ ለምለም የምንለውን፣ ጥቂት ፓኬት ያዙ፤ ከአንድ ሊትር ውሃ ጋር በትክክል ይበጥበጥ። ደም ብዛት ያለበት ሰው ተቅማጥ ሲይዘው ወይም ላብ ሲያጠምቀው ይጠጣዋል እንጂ እንደ ለስላሳ ዝም ብሎ አይጠጣም። መድኃኒቶቹ ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጡ።

የጅቡቲ መስመር ሾፌሮችን አይታችሁ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ጋደም ይላሉ። ከእነሱ ተማሩ። ከባቲ በታች ያለውን መንገድ ጎህ ሳይቀድ ጀምሩት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ፈልጉ። ጫታቸውን ግን አትከተሉ፤ ደም ብዛት ላለበት ሰው አይሆንም።

ውሻ ሙቀትን ከእኛ ባነሰ ይችላል። እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለከለክ ነው። ውጭው 30 ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ 40 ይጠጋል። መስኮቱን በጣት ያህል ከፍቶ መተው የሚፈይደው ነገር የለም። ስለዚህ «ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ» ብሎ ውሻ ዘግቶ መሄድ የለም። ልጅም እንዲሁ። ምራቁ ከወፈረ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ሲራመድ ከተወላገደ ሙቀት መትቶታል። ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ሆዱንና እግሮቹን በውሃ አርሱት፣ አራግቡለት፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። እርጥብ ብርድ ልብስ አትጣሉበት፤ ሙቀቱን ያፍነዋል። ሰው ላይም ያው ነው፦ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ውሃ እያፈሰሳችሁበት ወደ ሆስፒታል። በዚያ መስመር ከሰመራ ብዙም ሳይርቅ ዱብቲ ሆስፒታል አለ።

ውሾቹን አስፋልት ላይ ከማውረዳችሁ በፊት የእጅዎን ጀርባ አስፋልቱ ላይ 5 ሰከንድ ያኑሩ። እርስዎ ካልቻሉት መዳፋቸውም አይችለውም። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ የባሕር ውሃ እንዳይጠጡ የራሳቸው ጀሪካን ይኑራቸው። ጨዋማ ውሃ በብዛት የጠጣ ውሻ ያስታውካል፣ ሲብስም ይንቀጠቀጣል።

ስለ ምድጃው ሳልናገር አላልፍም። ወሎዬ መንገድ ወጥቶ ቡና ሳያፈላ እንደማያድር አውቃለሁ። በመኪናው ውስጥ ግን ከሰል አይግባ፤ በሩ ተከፍቶም ቢሆን። «ከሰሉ ነዷል፣ ጭስ የለውም» የሚለው ነው ሰው የሚገድለው። ደህና የፋመ፣ ጭስ የሌለው ከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ሰውዬው የመንገድ ድካም ይመስለውና ይተኛል፣ በዚያው ይቀራል። አቦሉንም በረካውንም ውጭ ጠጡ። ፍሙንም ውጭ አጥፉት፤ ማንደጃውን መልሶ ማስገባት የለም። የተገጠመውም የጋዝ ምድጃ ለማብሰያ እንጂ ለማሞቂያ አይደለም። ለኤሲ ብላችሁ ሞተር እያስነሳችሁም አትተኙ። ሌሊት ላይ ሁላችሁንም አንድ ላይ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ውሾቹም ከፈዘዙ፣ ምክንያት ሳትፈልጉ በሩን ከፍታችሁ ውጡ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ከተከተበና የትል መድኃኒት ከወሰደ ውሻ ጋር አንድ መኪና ውስጥ ማደር የሚያስፈራ አይደለም። አልጋው ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ፤ ቁንጫና መዥገር ይዞ ይመጣል። ችግሩ ያልተከተበው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ነው የሚተላለፍ፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም። ውሻ ክትባቱን የሚጀምረው በ3 ወሩ ነው። ከተከተበም በኋላ መከላከያው እስኪገነባ ከ3 እስከ 4 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ቡችላዋ ገና 2 ወሯ ስለሆነ አሁን ብትሄዱ ሳትከተብ ወይም መከላከያ ሳትገነባ ነው የምትወጣው። በየማረፊያው የባለቤት የለሽ ውሻ መንጋ አለ፣ ቀበሮም አለ። ወደ ጥር ካዛወራችሁት የቡችላዋ ነገር በራሱ ይፈታል። «የለም፣ ሐምሌ ነው የምንሄደው» ካላችሁ ግን እሷን ለዘመድ ተዉአት። ልጁ ያለቅሳል፤ ያልቅስ።

ለልጁም ከጉዞው በፊት የመከላከያ ክትባቱን ማግኘት ከቻላችሁ ደስ ይለኛል። ሁለት መርፌ ነው፣ በአንድ ሳምንት ልዩነት። ልጆች ውሻ ይነካካሉ፤ ሲቧጭራቸውም እንዳይቆጡ ብለው ይደብቃሉ። ማንኛውም የማታውቁት ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ይረዝማል። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቤንዚን አይነካው። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። አስቀድሞ የተከተበም ቢሆን ይሂድ፤ የሚጨመርለት መርፌ አለ። ድሮ እንብርት ዙሪያ ለብዙ ቀናት ይሰጥ የነበረውን መርፌ እያስታወሰ የሚሸሽ ሰው አሁንም አለ። የዛሬው ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ጠበሉም ዱዓውም ይድረስ፤ ክትባቱ ከተጀመረ በኋላ። የራሳችሁ የተከተበ ውሻ ከነከሰም ቁስሉን አጥባችሁ ሐኪም አማክሩ፤ ውሻው ለ10 ቀን ታስሮ ይታያል።

የሆድ ትሉን በአጭሩ፦ ከሥጋ ቤት የሚመጣ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አትስጡ። ከዚያ የሚይዘው የኮሶ ዓይነት ትል እንቁላሉ ወደ ሰው ሲገባ ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ይሠራል፤ በአገራችን ለዚህ ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው አለ። ከጉዞው በፊት የእንስሳት ሐኪሙ የትል መድኃኒት ይስጣቸው። አሸዋው ላይ የተጸዳዱትን አንሱ፤ ልጁም ባዶ እግሩን ውሻ በሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ አይሂድ።

ጥር አንድ ጉድለት አለው፤ ትንኝ አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ ጅቡቲ ላይ በ2012፣ በአገራችን ደግሞ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተገኘች። ባቲም ሰመራም ላይ ተይዛለች። እንደ ድሮዋ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። ስለዚህ ጀሪካናችሁን ክደኑ፣ የመኪናውን መስኮት በወንፊት ሸፍኑ፣ አልጋው ላይ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ስቀሉ፣ ማታ እጅጌ ሙሉ ልበሱ። መከላከያ ክኒኑን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት፤ ዶክሲሳይክሊን ለ7 ዓመት ልጅ አይሰጥም፣ ሌላ አማራጭ አለ። ቀን ላይ የምትነድፈው ሌላዋ ትንኝ ደግሞ ደንጊ ታስተላልፋለች። አጥንት የሚሰብር ሕመም ያለው ትኩሳት ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን እዚህም ክልክል ናቸው፤ ደም ያፈሳሉ።

ጅቡቲ ለመግባት የቢጫ ወባ ካርድ ትጠየቃላችሁ። ክትባቱ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ የተከተበ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግለዋል። ለውሾቹም የክትባትና የጤና ወረቀት ያስፈልጋል፤ የእንስሳት ሐኪሙን ስታገኙ አብራችሁ ጠይቁት።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ከወራት በኋላም ቢሆን፣ ቆላ ወርዳችሁ እንደነበር ለሐኪሙ መጀመሪያ ንገሩት። ደሴ ላይ ብርድ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የደም ምርመራው በዚያው ዕለት ይሠራ።