ጠላታችሁም ይርበዋል

ልጆች፣ ይሄን የምጽፍላችሁ ሰሞኑን የላካችሁልኝ ስክሪፕቶች እንቅልፍ ስለነሱኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሰው ጽሑፍ ሳነብ፣ ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬያለሁ። አሁን ከምታመጡልኝ ውስጥ ብዙው ስለ ጦርነት ነው። ይገባኛል፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ነው የምትጽፉት። ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ያመኛል። ጠላት ብላችሁ የምታስገቡት ሰውዬ ሰው አይደለም። ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ይስቃል፣ ይሞታል። በቃ።

ስለዚህ አንድ የድሮ ፊልም ልንገራችሁ። «ዘ ስፓይ ኢን ብላክ» ይባላል፣ ጥቁር የለበሰው ሰላይ እንደማለት ነው። እንግሊዞች በ1939 የሠሩት ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። ታሪኩ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ 1917፣ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የኦርክኒ ደሴቶች። እዚያ ስካፓ ፍሎው የሚባል ሰፊ የባሕር ወሽመጥ አለ፤ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ዋና ማረፊያ ነበር። ሃርት የሚባል የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ በጨለማ ደሴቱ ላይ ይወርዳል። የመንደሩ አስተማሪ መስላ የገባች ሴት ትጠብቀዋለች። የእንግሊዝ መርከቦች መቼና በየት እንደሚወጡ አውቆ፣ ሰርጓጆቹ አድብተው እንዲመቷቸው ማድረግ ነው ሥራው።

ይሄን ታሪክ ለአሥር ሰው ብሰጥ ዘጠኙ በፍንዳታ ይጀምሩታል። ፊልሙ ግን የሚጀምረው በረሃብ ነው። ሃርት ከባሕር ተመልሶ ኪል በምትባል የጀርመን ወደብ ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል ይገባል። ከረዳቱ ጋር ነው፤ ሁለቱም ደህና ምግብ አምሯቸዋል። ምናሌውን ያነሳሉ፣ ያዛሉ፣ የለም ይባላሉ። ሌላ ያዛሉ፣ እሱም የለም። እንግሊዝ በባሕር በኩል ጀርመንን ዘግታባት ነበር። በ1916 እና 1917 መካከል ባለው የብርድ ወቅት የጀርመን ሕዝብ ለከብት በሚሰጥ ሥራሥር ነው ነፍሱን ያቆየው። ፊልሙ ይሄን ሁሉ ታሪክ አይተርክላችሁም። የሚያሳያችሁ የተከበረ መኮንን ምግብ ፍለጋ ምናሌ ሲያገላብጥ ነው።

ከዚያ ደሴቱ ላይ፣ አስተማሪዋ ቤት ገባ። ጠረጴዛው ላይ ቅቤ አየ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ጠላት አገር ነው ያለው፣ ቢያዝ አለቀለት፣ የመጣው መርከብ ሊያሰምጥ ነው። እሱን ግን የገረመው ቅቤው ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ለስንት ወር ዘይት ጠፍቶ ዘመድ ቤት ስትሄዱ ጀሪካኑ ሙሉ ሆኖ ብታዩ የሚሰማችሁ ዓይነት ነገር ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ፣ ከዚያች ቅቤ በኋላ ሰውየው እንዳይያዝ ስሰጋለት ራሴን አገኘሁት። የማን ወገን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ራበው፣ እኔም ረሃብ አውቃለሁ፣ ይኸው ነው።

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለው። የደንብ ልብሱን አላወልቅም ይላል። መኮንን ነኝ እንጂ ሰላይ አይደለሁም ባይ ነው። በጦርነት ሕግ የደንብ ልብስ ለብሶ የተያዘ ምርኮኛ ነው፤ በሲቪል ልብስ ሲሰልል የተያዘ ግን ሊገደል ይችላል። ስለዚህ ልብሱ ክብሩም ነው፣ ነፍሱም ነው። አንድ ልብስ ይሄን ሁሉ ሲሠራላችሁ ለምንድነው ሦስት ገጽ ንግግር የምትጽፉት?

«ጋሼ፣ ታዲያ ጠላትን ልናሞግስ ነው?» የምትሉኝ አላችሁ። አይደለም። እዚያው ፊልም ውስጥ የጀርመን ወኪሎች እውነተኛዋን ወጣት አስተማሪ ገደል ይከቷታል፤ ካሜራው አይሸፍንላቸውም። ሃርትም በመጨረሻ የሚገኝባትን የመንገደኞች መርከብ የሚመታው የራሱ ሰርጓጅ ነው። ልክ ነበር የሚለው የለም። ሰው ነበር ነው የሚለው። ሁለቱን እባካችሁ አታምታቱ።

እነማን እንደሠሩት ስታውቁ ነገሩ የበለጠ ይገባችኋል። ዳይሬክተሩ ማይክል ፓውል እንግሊዛዊ ነው። ጸሐፊው ኤመሪክ ፕሬስበርገር ግን የሃንጋሪ አይሁድ ነው። በርሊን ሲሠራ ቆይቶ፣ ናዚዎች ሲመጡ ወደ ፓሪስ ሸሸ፣ በ1935 እንግሊዝ ገባ። ቋንቋውን ገና እየተማረ ነው። ከፓውል ጋር ያገናኛቸው ይሄ ፊልም ነው። ፓውል በኋላ ሲያስታውስ፣ አንድ ትንሽ ሰው ስብሰባው ላይ የተጠቀለለች ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ፣ የነበረውን ጽሑፍ ገልብጦ አዲሱን እንዳነበበላቸው ይናገራል። ሃርትን የሚጫወተው ኮንራድ ፋይት ደግሞ ራሱ ጀርመናዊ ነው። ሚስቱ አይሁድ ነበረች። እሱ አይሁድ ሳይሆን፣ ናዚዎች ያስሞሉት ቅጽ ላይ ዘሩን «አይሁድ» ብሎ ሞልቶ በ1933 አገሩን ለቀቀ። እነዚህ ሰዎች ጀርመንን ለመጥላት ከማንም በላይ ምክንያት ነበራቸው። የጻፉትና የተጫወቱት ግን የሚርበው ጀርመናዊ ነው።

ጊዜውንም አስቡት። ፊልሙ እንግሊዝ ውስጥ የወጣው በነሐሴ 1939 ነው። ሴፕቴምበር 3 ቀን እንግሊዝ ጦርነት ውስጥ ገባች። ኦክቶበር 14 ደግሞ እውነተኛ የጀርመን ሰርጓጅ እዚያው ስካፓ ፍሎው ውስጥ ሾልኮ ገብቶ ሮያል ኦክ የተባለችውን የጦር መርከብ አሰመጠ። ከ800 በላይ መርከበኞች አለቁ። ፊልም ብለው ያዩት ነገር በሁለት ወሩ መርዶ ሆኖ መጣ።

ፕሬስበርገር ከዚያ በኋላም አልተወም። በ1943፣ ጦርነቱ መሀል፣ እሱና ፓውል ስለ አንድ የእንግሊዝ መኮንንና የዕድሜ ልክ ጀርመናዊ ወዳጁ ፊልም ሠሩ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቸርችል ራሱ ሊያስቆመው ሞክሯል። እናንተም እንዲህ ስትጽፉ የሚቆጣ ይኖራል፣ ከቤታችሁም ጭምር። እወቁት ብዬ ነው፣ ላስፈራችሁ አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ስክሪፕት አመጣልኝ። ወንድሙን በጦርነት አጥቷል፣ የጻፈው ስለ እሱ ነው። ወንድምየው የተበጠሰ የጫማ ክሩን በሲባጎ የቀጠለበት ቦታ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ውጭ ወጥቼ ተመለስኩ። እንደዚያ ነው የሚጽፈው። የወዲያኞቹ ግን ስም የላቸውም። «ጠላት 1»፣ «ጠላት 2»፣ «ጠላት 3» ይላል።

«ጠላት 2 ጠዋት ምን በላ?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ «ጋሼ፣ ወንድሜን የገደለው ሰው ምን በላ ብዬ ልጨነቅለት?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ፊልሙን በፍላሽ ሰጥቼ ሸኘሁት፣ ሲሄድ ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ መጣ። የቀየረው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ጠላት 2 ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። ከኪሱ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ ያወጣል። ጣቱ በብርድ ደርቋል፣ ቋጠሮው አልፈታ ይለዋል። እናቱ ናት እንዲህ አጥብቃ የምትቋጥረው። በጥርሱ ይፈታዋል። አንዴ ይዘግናል። ከዚያ ጠመንጃውን ያነሳል።

«ስም ግን አልሰጠሁትም» አለኝ ልጁ።

«እሱ ይቆይ» አልኩት።