ኮኮፒት ላይ ያለ ችግኝ ሲታመም፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኮኮፒት (በአፈር ፋንታ የሚያገለግል የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ላይ ችግኝ ስለማፍላት ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። አብዛኞቹ «ምን ማዳበሪያ ልጨምር?» ብለው ነው የሚያበቁት። ለትንሽ ችግኝ ግን ይሄ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ሥሩ የተሰጠውን መውሰድ ችሏል ወይ?» የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ የቲማቲም ችግኞቼ ከበቀሉ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ነው። ናይትሮጅን አንሷቸው ይሆን?

መልስ፦ ወሳኙ የትኞቹ ቅጠሎች እንደሆኑ ነው። መጀመሪያ የወጡት፣ ጠርዛቸው ያልተቆራረጠው ሞላላዎቹ የዘር ቅጠሎች ናቸው። ችግኙን መጀመሪያ የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ሦስት አራት እውነተኛ ቅጠል (ከዘር ቅጠሎቹ ቀጥሎ የሚወጣውን) ከዘረጋ በኋላ ቢጫ ሆነው ቢረግፉ ምንም ችግር የለም፤ ሥራቸውን ጨርሰዋል። እውነተኛው ቅጠል በቅጡ ሳይዘረጋ ቢጫ ከሆኑ ግን ችግኙ ርቦታል፣ ወይም ሥሩ ታፍኗል። ኮኮፒት ከፖታሲየም በስተቀር ይሄ ነው የሚባል ምግብ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል ብቅ ሲል ቀጠን ያለ ማዳበሪያ መጀመር ነው። ኢሲው (ውሃው ውስጥ የተሟሟው ጨው ልኬት) ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ቢሆን ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል። አንዱ ማግኒዥየም ነው ይለኛል፣ ሌላው ብረት ነው። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ተወትና ቅጠሉ ከላይ ነው ከታች የሚለውን እይ። ማግኒዥየም ተክሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ሲያንስ ችግኙ ከአሮጌ ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ምልክቱ ከታች ይጀምራል። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየምም እንዲሁ ናቸው። ብረት ግን አንዴ ከተቀመጠበት አይነሳም ማለት ይቻላል፤ ሲያንስ አዲሱ ቅጠል ነው የሚገረጣው። ካልሲየምም ያው ነው። ቀንበጡን ቀረብ ብለህ ተመልከት። ገና የተዘረጋችው ቅጠል ወደ ነጭ የሚያደላ ቢጫ ሆና እንደ ክር የቀጠኑ አረንጓዴ ጅማቶች ከታዩባት ብረት ነው። ያኔም ብረት ለመግዛት አትቸኩል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6.5 በላይ ሲወጣ ብረት እያለ እንኳ ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል። መጀመሪያ ፒኤቹን ወደ 5.8 አካባቢ አውርድ።

ጥያቄ፦ ማዕድኑን ሁሉ በሚያስቀር ማጣሪያ (አርኦ) የወጣ ንጹሕ ውሃ ነው የምጠቀመው። አዲሶቹ ቅጠሎች እየተጨማደዱ ጠርዛቸው ላይ ቡናማ ነጥብ ያወጣሉ። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም ጥያቄዎች ጠቃሚው ይሄ ይመስለኛል። የኮኮፒት ጠባይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮኮፒት ሲመጣ ፖታሲየምና ሶዲየም ይዞ ነው የሚመጣው። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲያገኝ እነሱን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ በምትኩ ፖታሲየሙንና ሶዲየሙን ወደ ውሃው ይለቃል። አንቺ ለችግኙ ያልሽውን ካልሲየም መጀመሪያ የሚበላው ኮኮፒቱ ነው። ከዚያም የተለቀቀው ፖታሲየም የተረፈውን ካልሲየም ሥሩ እንዳይወስድ ይሻማዋል። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ብዙውን ጊዜ የራሱ ካልሲየም አለውና ጉድለቱን በመጠኑ ይሸፍናል። በእንዲህ ያለ ማጣሪያ የወጣው ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

መፍትሔው ከመዝራት በፊት ነው። ኮኮፒቱን በደንብ እጠቢው። ቀጥሎ በሊትር 2 ግራም ያህል ካልሲየም ናይትሬት በተሟሟበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፤ ጠዋት አጥልለሽ አንዴ አለቅልቂው። በውሃ ማጠብ ብቻውን አይበቃም፤ ቃጫው ላይ የተጣበቀውን ፖታሲየም የሚያስለቅቀው ካልሲየም ነው። አሁን ለበቀሉት ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለው ማዳበሪያ በየመስኖው ስጪ። ክዳን አድርገሽባቸው ከሆነም ክፈቺው። ካልሲየም የሚጓዘው ቅጠሉ ከሚያተነው ውሃ ጋር ነው። አየሩ በእርጥበት ከታፈነ ውሃው አይተንም፣ ካልሲየሙም ቀንበጡ ጋ አይደርስም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኤፕሰም ሶልት (ማግኒዥየም ሰልፌት) ጨምሬ ብገላገልስ?

መልስ፦ የጎደለው ማግኒዥየም መሆኑን ካረጋገጥክ ጥሩ ነው። የጎደለው ካልሲየም ከሆነ ግን ታባብሰዋለህ፤ ማግኒዥየም ሲበዛ ካልሲየምን ይሻማል። ደግሞ ኤፕሰም ሶልትን ከካልሲየም ናይትሬት ጋር በወፍራሙ አንድ ዕቃ ውስጥ አትበጥብጥ። ጂፕሰም ሆኖ ከታች ይዘቅጣል። አንዱን በብዙ ውሃ አሟሟና ሌላውን ከዚያ ጨምር።

ጥያቄ፦ የቅጠሎቹ ጫፍ ተቃጥሏል፣ ኮኮፒቱ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። ማዳበሪያ ግን በጣም ትንሽ ነው የምሰጠው።

መልስ፦ ነጩ ጨው ነው። ትንሽ ብትሰጥም ከታች የሚወጣ ውሃ ከሌለ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል፣ በየቀኑ ይጠራቀማል። ለማረጋገጥ የምትሰጠውንም ከሥር የሚወጣውንም ውሃ ኢሲ ለካ። 0.8 ሰጥተህ 2 ከወጣ የበዛ ነው እንጂ ያነሰ አይደለም። የማዳበሪያውን ውሃ ወደ 0.4 አቅጥነህ፣ ከታች የሚወጣው ወደ 1 እስኪወርድ ቀስ እያልክ አጠጣ። በባዶ ንጹሕ ውሃ ብቻ አትጠብ፤ ካልሲየሙንም አብረህ ታጥበዋለህ። ከዚያ ወዲህ ከምታጠጣው 10 እስከ 20 በመቶው ከሥር ይውጣ።

ጥያቄ፦ ግንዱና የቅጠሉ ጀርባ ወይን ጠጅ ሆነ። ፎስፈረስ ነው አይደል?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሌሊት ቅዝቃዜ ካለ ሥሩ ያለውን ፎስፈረስ መውሰድ ይሳነዋል። ትሪውን ከቀዝቃዛ ወለል አንሡት። እንደ ዝርያው በተፈጥሮም የሚቀላ አለ። እድገቱ ካልቆመ ተዉት።

ጥያቄ፦ በየቀኑ አጠጣለሁ፣ ቅጠሎቹ ግን ዝልፍልፍ ብለው ይውላሉ። ገረጣም ብለዋል።

መልስ፦ ውሃ በዝቶባቸው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ኮኮፒት ላዩ ደርቆ ቡናማ ሲመስል ታቹ ሊጨቀይ ይችላል። በዓይን አትፍረጂ፤ ትሪውን አንሥተሽ ክብደቱን እዪ። ልክ እንዳጠጣሽ ያለውን ክብደት እጅሽ ይልመደው፤ ሲቀል አጠጪ። አንዷን ችግኝ ቀስ ብለሽ አውጥተሽ ሥሯን ተመልከቺ። ነጭና ጸጉራም ከሆነ ደኅና ነው። ቡናማ ሆኖ ሲነካ የሚላላጥ ከሆነ ማዳበሪያ ምንም አይሠራላትም፤ አየር ነው ያጣችው። የምታጠጪውን ቀንሺ፣ ትሪው ከታች በደንብ መፍሰሱንም እዪ።

ጥያቄ፦ ካስተካከልኩ በኋላ ቅጠሉ በስንት ቀን አረንጓዴ ይሆናል?

መልስ፦ የተጨማደደው አይዘረጋም፣ የተቃጠለውም አይመለስም። በማግኒዥየም ወይም በናይትሮጅን እጥረት ቢጫ የሆነ ግን ቶሎ ከተደረሰበት በመጠኑ ሊያገግም ይችላል። እናንተ አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ነው መከታተል ያለባችሁ። እሱ ጤነኛ ሆኖ ከወጣ ተስተካክሏል፤ ሌላ ነገር አትጨምሩ። ቀለሙን ስታዩ ደግሞ ወይን ጠጅ መብራት ያላችሁ አጥፉትና በቀን ብርሃን እዩት። በዚያ መብራት ሥር ቢጫና አረንጓዴ መለየት አይቻልም።